መልካ ጀብዱ የተዛመተው ነገር

ባቡር ጣቢያ በለቃቀምኳት እንግሊዝኛ አስተርጓሚ በሆንኩበት ዓመት፣ አንድ የአሜሪካ እርዳታ ሹም የውሃ ፓምፕ ሊሰጥ መልካ ጀብዱ መጣ። የገበሬው የሙመድ ጉድጓድ ውሃው ርቆ ሽንኩርቱ እየደረቀ ስለነበር፣ ሙመድ መቆም መቀመጥ አቅቶታል።

«ከራሺያ የሚመጣው ኮሙኒዝም እዚህ አለ?» አለ ሹሙ። «እርዳታው እሱ እንዳይዛመት ነው።»

ቃሉን አላውቀውም፤ ግን አላውቅም ብዬ አላውቅም። «ሙመድ፣ ከራሺያ የሚመጣ፣ የሚዛመት ነገር ገብቶባችኋል ወይ ይልሃል።»

«አቦ፣ ካልገባብን ፓምፑ ይቀራል?»

«ሳይቀር አይቀርም።»

«እንግዲያው ሞልቷል በለው። ወላሂ፣ አምና ፍየሎቼን ፈጅቶ ዘንድሮ ወደ ግመሎቹ ዞሯል።»

ፍየሎቹን ትቼ «ሞልቷል» የሚለውን ብቻ ተረጎምኩ። ሹሙ ላቡን እየጠረገ ወደ መኪናው ገሰገሰ።

ፓምፑ ወዲያው መጣ። ሲያጓራ ጅቡቲ ድረስ ይሰማል። ውሃ መሳብ በጀመረበት ቀን ግን ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት የጸጥታ ሰዎች ደረሱ።

«ኮሙኒዝም ያለው እዚህ ነው አሉ። የታለ?»

ሙመድ ፓምፑን የሚነቅሉበት መስሎት ሮጦ ፓምፑ ፊት ቆመ። በሽንኩርቱ መሃል የሚፈሰውን ውሃ በእጁ አሳያቸው።

«ነበረ፣ ጌቶቼ» አላቸው። «ውሃው ሲመጣ ጠፋ።»