የአስፔታ ፊልም

ሶዶ ገበያ ገብታችሁ ልብስ ሰፊው ኤርሳዶ የት ነው ብትሉ የሚያውቅላችሁ የለም። «ኤርሳዶ ልብስ ስፌት» ተብሎ በቀይ ቀለም ከተጻፈው ሰሌዳ ሥር ቆማችሁ ብትጠይቁ እንኳ፣ ሰው «እኔ እንጃ» ብሎ ያልፋችኋል። አስፔታ ብትሉ ግን ሽንኩርት ሻጯም፣ የባጃጅ ሹፌሩም እጃችሁን ይዘው ደጁ ላይ ያደርሷችኋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የዚህ ሰው ስም ግን ባለቤቱ በሕይወት እያለ ተቀብሮ፣ በላዩ ላይ ሌላ ስም በቅሎበታል።

ወጣቶቹ ቅጽል ስም መሆኑንም አያውቁም፤ አባቱ ያወጣለት ይመስላቸዋል። ሚስቱ ያረፈች ጊዜ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ በየመንደሩ «የአስፔታ ባለቤት አርፋለች!» እያለ ዞረ። ኋላ ኤርሳዶ ጠርቶ ሲቆጣው ሰውየው አላፈረም። «ታዲያ የኤርሳዶ ሚስት ብዬ ብለፍፍ ማን ሊመጣልህ ነው?» አለው። እውነቱን ነው፤ የሚያንገበግበውም እውነት መሆኑ ነው።

ስሙ የመጣው ከፊልም ነው። በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ አጋማሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ ፊልም ይታይ ነበር። አንድ ቅዳሜ አንድ የጣሊያን ኮሜዲ መጣ። በገዛ አገሩም ማን እንዳየው አይታወቅም፤ ብዙ ከተማ ዞሮ፣ ተቆራርጦና ተቀጣጥሎ ነው ሶዶ የደረሰው። ከሸራው አጠገብ ቆሞ በድምፅ ማጉያ የሚተረጉመው መልአኩ ነበር። አባቱ ለጣሊያኖች ወጥ ቤት ይሠሩ ነበር ይባላል፤ መልአኩ ግን ከጣሊያንኛ የሚያውቀው ማካሮኒና ሳልሳ ብቻ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት የእሱ ትርጉም ነበር። ሕዝቡም ይህን አላጣውም። ቢሆንም ከፊልሙ ይልቅ የሚያስቀው እሱ ስለሆነ ማንም ቅር አይለውም ነበር።

በዚያ ፊልም ውስጥ አንድ ከሲታ ሙሽራ ከሠርገኞቹ አውቶቡስ ኋላ ቀርቶ፣ ሙሽሪት የረሳችውን ረጅም ነጭ ቬሎ ታቅፎ ዳገቱን ይሮጣል። እየሮጠም «አስፔታ! አስፔታ!» እያለ ይጮኻል። መልአኩ ድምፅ ማጉያውን ጠጋ አደረገና «ስሙን እየነገራቸው ነው፤ እኔኮ አስፔታ ነኝ፣ ሙሽራውን ጥሎ የሚሄድ ሠርግ የት አገር አያችሁ ነው የሚለው» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በሶዶ ሰው አስፔታ ማለት ያ ምስኪን ሙሽራ ሆነ።

በዚያ ቅዳሜ ኤርሳዶ እናቱን ሊጠይቅ ወደ ጉኑኖ ሄዶ ስለነበር ፊልሙን አላየም። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን እዚያው ቆየና፣ እናቱ ለታናሽ ወንድሙ ለጩማ ብላ ያሠራችውን ነጭ ቡልኮ ተሸክሞ ተመለሰ። ጩማ ሶዶ ከእሱ ጋር እየኖረ ይማር ነበር፤ ያን ቅዳሜም ቀርቶ ፊልሙን አይቷል። ኤርሳዶ ገና ከአውቶቡስ ሳይወርድ አንዲት ጎረቤት መስኮቱን ደበደበችው። ጩማን ለብሔራዊ ውትድርና አፍሰውታል፤ የጫነው ኦራል፣ የወታደር መኪናው፣ ያው እየተነሣ ነው።

ኤርሳዶ ቡልኮውን እንደታቀፈ ሮጠ። በወላይትኛ «ናጋ! ናጋ!» እያለ ይጮኻል፤ ጠብቁ፣ ጠብቁ ማለቱ ነው። የቡልኮው ጫፍ ተዘርግቶ ጭቃ እየጠረገ ይጎተታል፣ እግሩ ሥር እየገባ ያደናቅፈዋል። ገበያው የቅዳሜውን ሳቅ ገና ከአፉ አልጨረሰም ነበር። መልአኩ ከሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቆሞ አየና በዚያ ፊልም ባሰለጠነው ድምፁ «አስፔታ!» ብሎ ተጣራ። በቃ። ሻጩም ገዢውም፣ ኦራሉን የሚጠብቁት ወታደሮች ሳይቀሩ፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ኤርሳዶ ቡልኮው ጠልፎት በግንባሩ ተደፋ። ቀና ሲል ጩማን ከኦራሉ ጀርባ አየው። ጩማም እየሳቀ ነበር።

ያ ነው የመጨረሻው። ጩማ ወደ ሰሜን ሄደ፤ አልተመለሰም፣ መርዶውም አልመጣም። እናታቸው ለልጇ ሐዘን እንኳ ሳትቀመጥ ሞተች። ኤርሳዶ ስሙን ችሎ ኖረ፤ ሰው የማይችለው የለም። ያልቻለው አንድ ነገር ነው፦ ጩማ ለምን ሳቀ? ገበያው ይሳቅ፣ ገበያ ምን ያውቃል። የገዛ ወንድሙ፣ ወደ ሞት ሊያደርሱት ጭነውት እየሄዱ፣ ኋላው ወድቆ የቀረውን ታላቁን አይቶ ሳቀበት? በዚያ ፊልም ውስጥ ምን ቢያይ ነው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ኤርሳዶም ይህን ጥያቄ ከስፌት መኪናው ጋር ሲያሽከረክር ዐርባ ዓመት አለፈው።

ዘንድሮ በነሐሴ፣ በዞን ጽሕፈት ቤት የምትሠራው ልጁ ፀደንያ ወደ ሱቁ መጣች። ዣንጥላዋን አራግፋ በሩ ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ያንተን ፊልም ሊያሳዩ ነው» አለችው።

«እኔ ፊልም የለኝም።»

«የአስፔታ…» አለችና አፏን ያዘች። ቤታቸው ውስጥ ይህ ስም አይነሣም። «ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ትርሐስ የምትባል መምህርት አለች። የተረሱ ኮሜዲዎች ብላ በየቅዳሜው ከሰዓት የድሮ ፊልም ታሳያለች። የከተማው ሽማግሌዎች ስለዚያ ፊልም አውርተውላት፣ ፈልጋ ፈልጋ አገኘችው። አማርኛም ከሥሩ ጽፋበታለች። ጋሽ መልአኩ የክብር እንግዳ ነው።»

«የክብር?»

«ተው እንግዲህ፣ ካስከፋህ አንሄድም። አንድ ቀን አውቶቡስ ስላመለጠህ ይሄን ያህል ዘመን ቂም ይያዛል እንዴ?»

ልጁም የምታውቀው ይህንኑ ነው። አውቶቡስ አመለጠው። ለልጆቹ ከዚህ በላይ ነግሯቸው አያውቅም፤ መንገሩ ጩማን ደግሞ እዚያ ሳቅ ውስጥ መጨመር ይመስለው ነበር። ሱሪውን መተኮስ ጀመረና «እሄዳለሁ» አላት።

ቅዳሜ ሲደርሱ አዳራሹ ሞልቷል። ፊት ለፊት ጎልማሳና ሽማግሌ፣ ከኋላ ከየአገሩ የመጣ ተማሪና መምህር። መልአኩ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጥርስ አስተክሎ፣ መድረክ ላይ ተቀምጧል። ትርሐስ ድምፅ ማጉያውን ሰጥታው እንዴት ይተረጉም እንደነበር ጠየቀችው።

«ጣሊያንኛ? እኔ?» አለ መልአኩ። «ከማካሮኒ በላይ አላውቅም! ሰው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ እኔም አንቀሳቅሳለሁ።»

አዳራሹ ሳቀ። ትርሐስም ሳቀች። መልካም ሴት ናት፤ ከሩቅ ተመድባ መጥታ የሰው ከተማ ትዝታ የምትለቅም። ነገር ግን በሰው ትዝታ ውስጥ የማን አጥንት እንደተቀበረ ለቃሚ አያውቅም። መብራቱ ጠፋ።

ኤርሳዶ ጋቢውን ተከናንቦ አየ። ፊልሙ ያን ያህል አያስቅም ነበር። ከሲታው ሰውዬ ሞኝ ነው ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ሞኝ አይደለም። ድሀ ነው፣ ይቸኩላል፣ ሰው አያስቀይምም። የፊት ወንበሮቹ ደግሞ ከሥር የተጻፈውን የሚያነብ አንድም አልነበራቸውም፤ በየቦታው የመልአኩን የድሮ ቀልድ እየጮኹ ራሳቸው ይስቃሉ። በዚያ መሀል ከልጁ ሌላ የሚያነበው ኤርሳዶ ብቻ ነበር። የጨርቅ ልኬት እንደሚያነብ ቀስ ብሎ፣ አንዲት ፊደል ሳያልፍ ያነባል።

አውቶቡሱ ተነሣ። ሰውየው ነጩን ቬሎ ታቅፎ ሮጠ። «አስፔታ! አስፔታ!» አለ፤ የፊት ወንበሮቹም አብረውት ጮኹ። ከሥሩ ጽሑፉ ወጣ፦ «ጠብቁኝ! ጠብቁኝ!»

«ውይ!» አለች ፀደንያ። «ስም አይደለም እንዴ? ለካ ጠብቁኝ ነው የሚለው!»

ኤርሳዶ ዓይኑን ከጽሑፉ አልነቀለም። ናጋ። ያ ሰውዬ ሲል የነበረው ናጋ ነው። ያን ቀን እሱ በወላይትኛ የጮኸውን ቃል ከተማው በጣሊያንኛ መልሶለት፣ ስም ነው ብሎ ለጥፎበት፣ ይኸው ዕድሜውን ሙሉ ጠብቁ እያለ ሲጠራው ኖሯል። የጠበቀው ግን ማንም የለም።

ሸራው ላይ ሰውየው ቬሎው ጠልፎት ወደቀ። ከአውቶቡሱ የኋላ መስኮት ሠርገኞቹ ያዩታል፤ ይስቃሉ። ሙሽሪትም ትስቃለች፣ ጥርሷ ሙሉ ይታያል። ኤርሳዶ ያን ሳቅ ያውቀዋል። አውቶቡሱ ዳገቱ ጫፍ ሲደርስ ቆመ፤ ወደ ኋላም መጣ። በሩ ተከፈተ፣ ሙሽሪት ወረደች፣ ከጭቃው አንሥታ አቀፈችው። አዳራሹ አጨበጨበ።

ያን ጊዜ ገባው። ጩማ ፊልሙን አይቷል። መጨረሻውንም ያውቅ ነበር። ታላቁ ነጩን ቡልኮ እየጎተተ ሲሮጥ፣ «አስፔታ!» ሲባል፣ ሲወድቅ አየና ሳቀ፤ ዳገቱ ላይ መኪናው የሚቆም መስሎት ሳቀ። በወንድሙ ላይ አይደለም የሳቀው። ልጅ ነበረ፤ አመነ። ኤርሳዶ ይህን ከማወቁ በፊት የነበረው ሐዘን ቀላል ነበር ለካ። ዳገቱን ከጨረሱ በኋላ ጩማ ሳቁን ያቆመባትን ቦታ አሁን ያስባል። ቦዲቲ ከተማ ይሆን? ከዚያ አልፎ ይሆን?

መብራቱ በራ። መልአኩ መድረኩ ላይ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። «የኛ አስፔታ እኮ እዚሁ አለ! ተነሥ እንጂ! ይሄ ሰውዬ ፊልሙን በገበያ መሀል ደግሞ ሠርቶታል!» ጭብጨባው ቀለጠ። ትርሐስ በፈገግታ ድምፅ ማጉያውን ይዛ መጣች። «አባታችን፣ እስኪ ትዝታዎን ያካፍሉን» አለችው።

ኤርሳዶ ተነሣ። ጋቢው ከትከሻው ወንበሩ ላይ ቀረ።

«ስሜ ኤርሳዶ ነው» አለ። አንዳንዶች ሳቁ። «ያን ቀን አውቶቡስ አይደለም። ኦራል ነበር። ወንድሜን ጭኖ ነበር፤ ጩማ ይባላል። ቡልኮ ልሰጠው ነው የሮጥኩት። እኔም ጠብቁ ነው ያልኩት። እሱም» ወደ ሸራው አመለከተ፣ «እሱም ያንኑ ነው። የሱ መኪና ቆመ። የኔ…» ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጁ ያዘና «ጩማ አልተመለሰችም» አለ።

ከኋላ በኩል ሳቅ ፈነዳ።

ኤርሳዶ ዐርባ ዓመት ሙሉ ለደንበኛ አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት እምብዛም አምታቶ አያውቅም። እዚህ አገር አማርኛ ከቤት ሲወጡ የሚለብሱት ልብስ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ልቡ በቤቱ ቋንቋ እያለቀሰ ነበርና አንዲት ቁልፍ ተሳተችው። ከየአገሩ የመጡት ተማሪዎች የሰሙት ይህችን ቁልፍ ብቻ ነው። ፊት ያሉት ደግሞ ኋላ ስለተሳቀ ሳቁ። ኮሜዲ ሊያዩ ነው የመጡት፤ ሳቁን ከፍለውበታል እንደማለት ነው። ትርሐስ ፊቷ ተለወጠ፤ «እናመሰግናለን አባታችን» አለች። ከሁሉም ያልሳቀው መልአኩ ነበር። የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

ኤርሳዶ ድምፅ ማጉያውን መለሰና ወጣ። ውጭ ያካፋል። ፀደንያ እያለቀሰች ተከተለችው።

«አባዬ፣ ወንድም ነበረህ? ለምን አልነገርከኝም?»

«ግቢ» አላት፤ ባጃጅ አስቁሞ ነበር።

ገና ሲቀመጡ ከኋላቸው ጩኸት መጣ። መልአኩ ነው። ከአዳራሹ ደረጃ ወርዶ፣ የተረሳውን ነጭ ጋቢ ታቅፎ፣ በዚያ እርጅናው ይሮጣል። የጋቢው ጫፍ ጭቃውን እየጠረገ እግሩ ሥር ይገባል። «አስፔታ!» ይላል። ድምፁ የድሮው ድምፅ አይደለም፤ ይለምናል። «አስፔታ! አስፔታ!» ደጃፉ ላይ የቆሙት ተማሪዎች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ፣ ይስቃሉ።

«አባዬ፣ እየጠሩህ ነው» አለች ፀደንያ።

ኤርሳዶ ዞሮ በኋላ መስኮቱ አየው። ሰውየው ሲደናቀፍም አየው። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ከተማው ውስጥ ከማንም በላይ አሁን የሚያውቀው እሱ ነው።

«እኔን አይደለም» አለ። «ስሜ ኤርሳዶ ነው።»

ከዚያም ለሹፌሩ «ንዳው» አለው።