የባላጋራዎቹ ዝርዝር

ስህተቱ የእኔ ነው። አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው ይህን ነገር ሲያወራ ለጋሼም ለእኔም አዝኖ ጥፋቱን በፖስታ ቤቱ ላይ ስለሚደፈድፍ ነው። ፖስታ ቤቱ ደብዳቤውን አራት ቀን አዘገየ እንጂ ዝርዝሩን አልጻፈም። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በእነዚህ በአሥር ጣቶቼ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጸሐፊነት በሠራሁበት ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ።

ጋሼ የምላቸው አለቃዬ ጠበቃ ናቸው። የፍርድ ቤት ሰዎች እሳቸው በሌሉበት "ብረቱ" ይሏቸዋል፤ አንዴ የያዙትን ክርክር ስለማይለቁ ነው። እኔን ደግሞ "እቴጌ" ይሉኛል። ያለ እኔ ፈቃድ ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ወረቀት አትወርድማ! ቢሮው ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የእኔና የመዝገቦቹ። መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ጋራዥ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የመዶሻ ድምፅ እየሰማን ነው የምንሠራው።

መዝገቦቹን እንዴት እንደምደረድር ልንገራችሁ፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ሌላ ቢሮ መዝገብ የሚደረደረው በደንበኛ ስም ነው። የጋሼ ደንበኞች ግን ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ብቻውን ዘጠና መዝገብ አለው፤ አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ አርባ። ዘጠና ፋይል አንድ ስም ለብሶ ከተደረደረ የቱን ከየቱ እለያለሁ? ስለዚህ ገና በገባሁ በወሩ ሁሉንም በተቃራኒው ወገን ስም ደረደርኳቸው። ኩባንያው አንድ ቢሆንም የከሰሱት ሰዎች ዘጠና ናቸው። ሥራችን ቀለለ፣ አነጋገራችንም አብሮ ተለወጠ። "የልብስ ሰፊዋን አምጪልኝ፣ የሹፌሩን መልሺው" ይሉኛል ጋሼ። ልብስ ሰፊዋን ሊሞግቷት እየሄዱ እንኳ "የኛ ልብስ ሰፊ ቀጠሮዋ በስንት ሰዓት ነው?" ብለው ነው የሚጠይቁኝ።

አምና ጋሼ ለመንግሥት ዋና ጠበቃነት ታጩ። መንግሥት ሲከስም ሲከሰስም ፍርድ ቤት የሚቆምለት ሰው ማለት ነው። ከስምንት ዓመት በፊትም ታጭተው "የሀብታም ጠበቃ ነው" ተብሎ ቀርቷል። አሁን ዕድሜያቸው ስልሳ አንድ ነው፤ ይህ ካለፈ ሌላ አይኖርም። እሳቸው "ቢሆንም ባይሆንም" ይላሉ፤ ግን አዲስ ኮት አሰፍተው ቢሮ ውስጥ ሦስት ጊዜ ለክተው አሳይተውኛል። ፈልገውታል። እኔም ፈልጌላቸዋለሁ፣ ከራሳቸው በላይ።

ሹመቱን የሚመረምረው ኮሚቴ ባለፉት አሥር ዓመታት ጥብቅና የቆሙላቸውን ሰዎች ዝርዝር ጠየቀ። ደብዳቤው በእጄ ሲገባ የማስረከቢያው ቀን ያው ዕለት ነበር፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ጋሼ ችሎት ላይ ናቸው። ስልኩ ይጮኻል፣ ጋራዡ ይቀጠቅጣል። የመዝገብ ማውጫዬን ገለጥኩና ስሙን፣ ሥራውን፣ የክርክሩን ዓይነት እያልኩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተየብኩ። ከዚያ እየሮጥኩ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ደረጃው ላይ ጀርባዬን ጠረጴዛ አድርገው ፈረሙ።

"አያነቡትም?" አልኳቸው።

"አንቺ አይተሽው የለም እንዴ?" አሉኝ።

ኮሚቴው በቀጠረን ቀን ጠዋት ስብሰባ አዳራሹ ገባን። ረጅም ጠረጴዛ፣ አሥራ አንድ የኮሚቴ አባላት፣ በየሰው ፊት የታሸገ ውሃ፣ ሲነኩት የሚያፏጭ ማይክ። እኔ ሁለት ካርቶን መዝገብ ይዤ ከጋሼ ጀርባ ተቀመጥኩ። ከአባላቱ አንዱ ሰፊ ቀይ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ነው። ፊቱ ላይ ጥያቄ የተጻፈበት ወረቀት ቆልሎ፣ ጋሼን ገና ሲገቡ ጀምሮ በዓይኑ እየለካቸው ነበር። ስሙን ስለማልፈልገው ክራቫት እለዋለሁ።

ሰብሳቢዋ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው። ዝርዝሩን አነሱና፣ "እውነቱን ለመናገር ሌላ ነገር ነበር የጠበቅነው" አሉ። "የድርጅቶች ጠበቃ ነው ተብሎ ተነግሮን ነበር። እዚህ ያለው ግን ባሏን መኪና የገደለባት ልብስ ሰፊ፣ ከፋብሪካ የተባረረ ሹፌር፣ ቤት ልቀቅ የተባለ ጡረተኛ መምህር፣ እጁን ማሽን የቆረጠው ሠራተኛ ነው። እንዲህ ላሉ ሰዎች አሥር ዓመት መቆም ቀላል አይደለም። ኮሚቴው በጣም ደስ ብሎታል።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ክው አልኩ። ልብስ ሰፊዋ? የኛ ልብስ ሰፊ እኮ ከሳሻችን ናት! ደንበኞቻችንን ትቼ የባላጋራዎቻችንን ስም ነው ቁጭ ብዬ የገለበጥኩት።

ክራቫት ቅር እያለው ወረቀቶቹን አጠፈ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ገጽ አነበቡ፣ ሁለተኛውን አነበቡ፣ ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የአሥር ደቂቃ እረፍት ጠየቁ።

ኮሪደሩ ላይ እንባዬ ቀደመኝ። "ጋሼ ገደልኩዎት" አልኳቸው።

"አልሞትኩም፣ ዝም በይ።"

"እንግዲያውስ ዝም እንበል" አልኩ፣ እንባዬን በመዳፌ እየጠረግኩ። ይህን ማለቴን አልክድም። "ማን ያጣራል? እርስዎ አልዋሹም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ሳይናገሩ ይግቡ፣ ይሹሙዎት፣ በቃ።"

ጋሼ ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ። የእውነት ሳቅ፣ ትከሻቸው እስኪርገበገብ። "በስልሳ አንድ ዓመቴ የድሃ ጠበቃ አደረግሽኝ" አሉ። "ደስ ይል ነበር እኮ፣ ሰብሳቢዋ ሲያነቡት። እኔ ራሴ ሰውየውን ወደድኩት።" ከዚያ ሳቁ ጠፋ። "ስምንት ዓመት ሙሉ የማን ጠበቃ ነህ ሲሉኝ ነውር የለውም እያልኩ ተከራከርኩ። ዛሬ ዝም ካልኩ ነውር ነው ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው።"

ኮታቸውን አስተካክለው ገቡና ሁሉንም ተናገሩ። ጸሐፊዬ ናት አላሉም፤ "ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ" ነው ያሉት። የቆሙት ለኢንሹራንሱ፣ ለፋብሪካው፣ ለቤቶቹ ባለቤት እንደሆነ አንድ በአንድ ዘረዘሩ። አዳራሹ ቀዘቀዘ። ክራቫት ወረቀቶቹን መልሶ ዘረጋቸው፤ ፊቱ ፈካ።

"ታዲያ ይቺን ባል የሞተባትን ሴት የሞገቷት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"አያፍሩም?"

"ለመሟገቴ አላፍርም። እሷም ጠበቃ ነበራት፣ ኩባንያውም ጠበቃ ያስፈልገው ነበር። እሷ ላይ አለመዋሸት፣ እሷን አለማዋረድ ነው የኔ ድርሻ።"

"ይህንን የሚሉት እርስዎ ነዎት። ሰው በወዳጁ ይታወቃል፤ የእርስዎ ወዳጆች እነዚህ ናቸው።"

ደሜ ፈላ። ተነስቼ ልናገረው ወገቤን ከወንበሩ ሳላቅቅ ሰብሳቢዋ ማይኩን ነኩትና አፏጨ። "ደንበኞቹን ብንጠይቅ ጎበዝ ነው ይሉናል፤ የከፈሉት ለዚያ ነው" አሉ በቀስታ። "እንዲህ ያለ ዝርዝር ግን ማንም አምጥቶልን አያውቅም። ሰውየው ፊት ለፊታቸው ቆሞ የሞገታቸው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች እጃችን ላይ አሉ። ለምን እነሱን አንጠይቅም?" እስክሪብቶ አንስተው እዚያው ሦስት ስም ላይ ምልክት አደረጉ። ስብሰባው ለሐሙስ ተላለፈ።

እስከ ሐሙስ ድረስ እህል አልወረደልኝም። ባለቤቴ "ሰዎቹን እናንተ ሞግታችኋቸው፣ አሁን ደግሞ አመስግኑን ልትሏቸው ነው?" ብሎ አሾፈብኝና ያን ቀን ለብቻው እራቱን በላ። ግን እውነቱን ነበር። ከሦስቱ አንዱ፣ ጡረተኛው መምህር፣ ከኮሚቴው ሲደውሉለት የጋሼን ስም እንደሰማ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘግቶባቸዋል።

ሁለቱ መጡ። መጀመሪያ የቀረበው ሹፌሩ ነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ደረቅ። "ያለ ምክንያት አባረሩኝ፣ ከሰስኩ" አለ። "እኚህ ሰውዬ አሥራ አንድ ጊዜ ቀጠሮ አስለወጡብኝ። አንዴ ሰነድ አልደረሰኝም፣ አንዴ ምስክሬ ታሟል እያሉ። ክርክሩን መጨረሻ ላይ ረታሁ፤ ግን ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቼ ከሚስቴ ወንድም ቤት ተጠግቼ ነው የረታሁት። ሌላ የምለው የለኝም።"

ክራቫት ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሱ። "እውነቱን ነው። ደንበኛዬ አዘግይ አለኝ፣ ሕጉም አይከለክልም ነበር፣ አዘገየሁ። ማድረግ አልነበረብኝም" አሉ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አሥራ አንዱንም ማመልከቻ የተየብኩት እኔ ነኝ። አንዱንም ስተይብ ሰውየው የት እያደረ ነው ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ቀጥላ ልብስ ሰፊዋ ገባች፣ የመለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ ሳይወርድ። ከሥራዋ ላይ ተነስታ እንደመጣች ያስታውቃል። "ጠልቻቸው ነበር" አለች ገና ሳትቀመጥ። "ባሌ ሞቶብኝ እኔ ላይ እንደዚያ መከራከር! የጠየቅሁትን ሁሉ አላገኘሁም፤ ግማሹን ነው የተፈረደልኝ። አንድ ቀን ግን ጠበቃዬ በድንገት ታሞ ቀረ። የኩባንያው ሰውዬ 'መዝገቡ ይዘጋልን በላቸው' እያለ ኮታቸውን ሲጎትት በዓይኔ አይቻለሁ። እሳቸው ቆመው ለዳኛው ሌላ ቀን ቢሰጣት አልቃወምም አሉ።"

"ደንበኛዎን ከዱ ማለት ነው?" አለ ክራቫት። አሁን ደግሞ በዚያ መጣ።

"የቀጠሩኝ እንድከራከር ነው" አሉ ጋሼ። "በሰው ሕመም መርታት ክርክር አይደለም። ኩባንያውንም እዚያው ነግሬዋለሁ፤ ተቆጡ፣ ከዚያ ተዉት።"

ሰብሳቢዋ ልብስ ሰፊዋን "ዛሬ ጉዳይ ቢገጥምሽ ጠበቃ አድርገሽ ታቆሚያቸዋለሽ?" ብለው ጠየቋት።

"ኧረ በየት አቅሜ!" አለች፤ አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። "ባላጋራዬ እሳቸው ከሆኑ ግን እንቅልፌን እተኛለሁ።"

ሹመቱ ሰባት ለአራት ጸደቀ። ክራቫት ተቃወመ፤ መብቱ ነው። እኔ ካርቶኖቹ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ የደስታ እንባ አያሳፍርም።

ስንወጣ ሹፌሩ ደረጃው ላይ ቆሞ አገኘነው። "ክፉ ተናግሬብዎት ነበር፤ ግን ይሁን፣ እንኳን ደስ ያለዎት" አለ።

"የተናገርከው የሆነውን ነው" አሉ ጋሼ።

ሹፌሩ ጭንቅላቱን አከከ። "ቆይ እስቲ። እኔ እኮ መንግሥትን ከስሻለሁ። መንገድ ሲያሰፉ የቤቴን አጥር አፍርሰውብኝ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከእንግዲህ እዚያ የሚቆሙብኝ እርስዎ ነዎት በሉኛ?"

"እኔ ነኝ።"

"ጉዴ ፈላ" አለና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ጋሼ አዲሱን ኮት ሳይሰስቱለት አቧራው ላይ አጠገቡ ተቀመጡ። "ቀጠሮህ መቼ ነው?"

"የዛሬ ወር፣ ማክሰኞ።"

"ራሴ እቀርባለሁ። ሌላ ቀን አልጠይቅም። አፍርሰን ከሆነ አፍርሰናል እላለሁ፤ ካላፈረስን ግን እረታሃለሁ።"

"አፍርሳችኋል" አለ ሹፌሩ።

"መዝገቡን ልየዋ።"

ማክሰኞ ዕለት እኔም አብሬ ነበርኩ። ጉዳዩ ሲጠራ ዳኛው ቀና ሳይሉ ገና "መንግሥት እንደተለመደው ቀጠሮ ይለወጥልኝ ነው የሚለው?" አሉ። ጋሼ "የለም፣ ዝግጁ ነን" ሲሉ ዳኛው ደንገጥ ብለው መዝገቡን ገለጡ። እሳቸው ራሳቸው አላነበቡትም ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንበብ የሚያስፈልግበት ቀን መጥቶ አያውቅማ። ለከሰዓት ተመለሱ አሉን። ሹፌሩ ምሳውን ሳይበላ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ እስከ መጨረሻው አላመነንም። ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ገባን፤ ጋሼ ፎቶግራፎቹንና የመንገድ ሥራውን ካርታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ቆሙ።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ አፍርሰናል" አሉ።