ማንም ያልተከራከረበት ብራና

የታንጉት በሬ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ አጥሩ ሥር ተጋድሟል። ደረሰ የሚባለው የቅኔ ተማሪ በአንድ እጁ አረቄ የሞላ ቅል፣ በሌላው ብራና ይዞ ፊቱ ተንበርክኳል። ብራናው ሲያምር ለጉድ ነው፤ ቀዩ ቀለም ደምቋል፣ ፊደሉ ተስተካክሎ ተደርድሯል፣ ከራስጌው መልአክ ሰይፉን መዝዞ ቆሟል። እንዲህ ያለውን ማን ይጠረጥራል?

ጊዜው ጣልያን ቡሬ ላይ የመሸገበት ነው። የመሪጌታ ዳኘው የቅኔ ጉባኤ እንኳ አውሮፕላን ሽሽት ጫካ ገብቷል። የታንጉት ባል ከአርበኞቹ ጋር በረሃ ወርዷል፤ አንዱን በሬዋን የጣልያን ሹምባሽ ነድቶ አርዶ በልቶታል። ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅታ የምታርስበት የቀራት ይኸው ብቻ ነው። እሱም ከሞተ መሬቷ ጦም ያድራል።

ጧት «የኔታ ይድረሱልኝ» ብላ ስትመጣ መሪጌታ የብራና ማኅደሩን ደረሰ አንገት ላይ አንጠለጠሉለት። «ስለ ሆድ መነፋት የተጻፉ ሁለት ብራናዎች አሉበት። የሚታመነውን ራስህ ለይ። ፈተናህ ይኸው ነው» አሉት።

መለየቱ ምን ይቸግራል? ሁለተኛው ብራና ቅባት የጠጣ፣ ዳር ዳሩ በማይመሳሰል የእጅ ጽሕፈት የተሞላ፣ አንዳንዱም ተዘቅዝቆ የተጻፈበት ነበር። ደረሰ ደግሞ ውበት ይወዳል። «ይህንስ ዶሮ ጭራበታለች» ብሎ መልሶ ማኅደሩ ውስጥ ከተተው።

አሁን ታንጉት የበሬውን ቀንድ ይዛ ጠየቀችው። «የማን መድኃኒት ነው?»

ደረሰ ስም ፈለገ። ከላይ የለም፣ ከታች የለም። ማን እንደ ሞከረው፣ የት እንደ ሞከረው፣ አንዳች ነገር አልተጻፈም። ትናንት ጉባኤ ላይ የዘረፈው ቅኔ ትዝ አለው። ተኩራርቶ ሳይጨርስ ባልንጀሮቹ እንደ ንብ ወርረው አፈራርሰውበት ነበር። በእፍረት እራቱን እንኳ አልበላም። መሪጌታ ግን እየሳቁ «ባልንጀራ ያልነቀፈው ቅኔ ገና የአንድ ሰው ምኞት ነው» ብለውት ነበር።

ቅሉን አስቀመጠና ዶሮ የጫረችውን አወጣ። መካከሉ ላይ ያለው ቃል ከዚያኛው አንድም ሳይጎድል ያው ነው፤ «አንድ ቅል አረቄ አጠጣ» ይላል። ዳሩ ላይ ግን ሌላ ሰው ጽፎበታል።

«እኔ ክንፈሚካኤል ዘቋሪት እንዳለው አደረግሁ፤ ጊደሬ ሞተች። በአረቄ ፈንታ የኑግ ዘይት ይሁን።»

ከሥሩ ሌላው ይሰድበዋል። «ክንፈሚካኤል ሰነፍ ነው። ጊደሯ ዱሮም በሽተኛ ነበረች።»

ሦስተኛው ገላጋይ ነው። «እኔም ቡሬ ላይ በአረቄ ወይፈን ገደልሁ። ኑጉ እውነት ነው፤ ግን ለብ ይበል።»

በመጨረሻ ተሳዳቢው ራሱ ተመልሷል። «በኑግ ሦስት አዳንሁ። እጄን ሰጥቻለሁ።»

ደረሰ ሳቁ አመለጠው። ያማረው ብራና ከዚሁ የተቀዳ ነው፤ ገልባጩ ገጹ እንዳይቆሽሽበት ጠቡን በሙሉ ትቶታል።

«በሬየ እየሞተ ትስቃለህ?» አለችው ታንጉት።

«ተጣልተውበታል፣ እትየ። ተጣልተው ተጣልተው ታርቀውበታል። የኑግ ዘይት አለዎት?»

ዘይቱ ለብ ብሎ መጣ። የመጀመሪያው ጉንጭ በሬውን ትን አለውና ሊያፍነው ነበር፤ ተጋግዘው በግድ አቆሙትና ቀሪውን አጠጡት። ከዚያ ሆዱን እያሹ ግቢውን አዞሩት። ታንጉት ማርያምን እየጠራች ትከተላለች። ድንገት በሬው ቆመ፣ አንገቱን ዘረጋ፣ አገሳ። ግሳት ነው ወይ ያ! ከወንዙ ማዶ ያሉት ገበሬዎች መድፍ መስሏቸው እርፋቸውን ጥለው መሬት ያዙ ይባላል። ታንጉት እመሬት ቁጭ ብላ ሳቀች፤ እንባዋም ይወርድ ነበር። በሬው ምንም እንዳላደረገ ሁሉ የአጥሯን ሐረግ መንጨት ጀመረ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰ ጫካው ተመልሶ ሁሉንም ተናገረ። መሪጌታ ብርዕና ቀለም አቀበሉት።

«ጻፍበት።»

«እኔ፣ የኔታ? ምን ብየ?»

«ምስጋናውን ተወው። እነሱ የዘነጉትን ጻፍ።»

ደረሰ ከዳሩ የተረፈች ጠባብ ቦታ ፈልጎ፣ «እኔ ደረሰ በታንጉት በሬ አየሁት፤ ተኝቶ አይጠጣ፤ ትን ይለዋል» ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ደስታ ከተወለደ ቀምሶ አያውቅም።

ቀለሙ ሳይደርቅ ባልንጀራው ገደፋው ብራናውን ከጉልበቱ ላይ ወሰደው። አንድ ጊዜ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም ተደላድሎ ተቀመጠና የገዛ ብርዑን መቅረጽ ጀመረ።