ታታሪዋ እናት ሽንት ቤት አትሄድም

ሰፈር ውስጥ «አስር በመቶ» ይሉኛል። ከምናገረው ውስጥ እውነቱ አስር በመቶ ብቻ ነው ለማለት ነው። ለስድብ ነበር ያወጡልኝ። እኔ ግን ትምህርት ቤት እያለሁ ከዚያ የሚበልጥ ውጤት አምጥቼ ስለማላውቅ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት። ስድስተኛ ክፍልን ሦስት ዓመት የተማርኩት ወንበሩ ስለተመቸኝ ነው።

ሥራዬ በታላቅ እህቴ ስፌት ቤት ልብስ መተኮስ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በር ሥር የቆራጩ ጠረጴዛ፣ መሀል የእትዬ መኪና፣ ጥግ ላይ ደግሞ እኔና ካውያዬ። ወላጆቻችን ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገችኝ እትዬ ናት። ስለ እሷ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይኼኛው ከአስሩ በመቶ ውስጥ ነው፤ ስፌት በአውራ ጣቷ ጥፍር ታነባለች። አንድ ቀን አንድ ሽቅርቅር ሰውዬ ጃኬቱን ሊያስጠብብ መጣና «ተጠንቀቂ፣ ሙሉውን በእጅ የተሰፋ ነው፣ ዋጋውን ብነግርሽ ትወድቂያለሽ» አላት። እትዬ በጥፍሯ ጠርዙን አንዴ ሳብ አደረገችው።

«ወንድሜ፣ አታለውሃል። የእጅ ስፌት ይተነፍሳል። አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፣ ሰፊው ሲያዛጋ ይጣመማል። ይኼ አንዴም አላዛጋም፤ የመኪና ነው።»

ሰውዬው ወደ ገዛበት ሱቅ ሄዶ ከገንዘቡ ግማሹን አስመለሰ። ጃኬቱን ግን ሳያስጠብብ እንደለበሰው ቀረ።

አሁን ወደ ውሸቴ ልምጣ። ከሁለት ወር በፊት ቴሌቪዥን አገኘሁ። አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ የሠርጉን ሱፎች ተኩሼለት በልዋጩ የሰጠኝ ነው። ግድግዳ የሚያክል ነው፣ ድምፁ ጣራ ያነሳል፤ እንከኑ የሰውን ፊት ሁሉ አረንጓዴ አድርጎ ማሳየቱ ብቻ ነው። ዜና አንባቢው ያልበሰለ ማንጎ ይመስላል። እትዬና ቆራጩ ሊያዩት ሲመጡ መብራት የለም ብዬ ሳልከፍተው ቀረሁ። «ከየት አመጣኸው?» ሲሉኝ እውነቱ በጣም አጭር ሆነብኝ።

«ኦንላይን ጫረታ ላይ ነዋ! በሰባት ሳንቲም አሸነፍኩት። መጨረሻ ላይ የቀረነው እኔና አንድ የመርከብ ካፒቴን ነበርን። ቁልፉን ሊጫን እጁን ሲሰነዝር ማዕበል መጣና ስልኩን አሣ ዋጠው።»

ቆራጩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እትዬም ሳቀች። አሣውን እንዳላመነች ገብቶኛል። ሰባቱን ሳንቲም ማመኗን ግን አላየሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ኦቨርሎካችን ሞተ። ኦቨርሎክ ማለት የጨርቁ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚዘመዝመው መኪና ነው፤ ያለ እሱ የተሰፋ ልብስ ሁለተኛ እጥበት ላይ ጨርቅ መሆኑ ያበቃል። ደግሞ የሞተበት ቀን! እስከ ዓርብ ለአንድ ክሊኒክ ስልሳ የነርስ ጋዎን ማስረከብ አለብን፤ ክሊኒኩ ብቸኛው ቋሚ ደንበኛችን ነው። ዓርብ ባዶ እጃችንን ከቀረብን ሌላ ሰፊ ይዘዋል፣ እኛም ቤቱን እንለቃለን።

ደግነቱ መላ ነበረ። ሁለት መንገድ አልፎ ዓይናቸው ደክሞ ሥራ ያቆሙ አንድ ሽማግሌ ሰፊ አሉ፤ ኦቨርሎካቸውን በአራት መቶ ብር ሊሸጡ እስከ ረቡዕ ለእትዬ ቃል ሰጥተዋል። ካልመጣች ለሌላ ነው። አራቱ መቶም በእጇ አለ። መሄድ ብቻ ነበር የቀራት።

እሷ ግን ወደ እኔ ዞረች። «አንተ፣ ያ ቴሌቪዥን ያገኘህበት ነገር ማን ነበር ስሙ?»

«የቱ?» አልኩ ካውያዬን እያነሳሁ።

«የሰባት ሳንቲሙ። ለአሮጌ መኪና አራት መቶ ከማወጣ እስቲ ዕድሌን ልሞክር።»

«ረሳሁት፣ እትዬ።»

ቆራጩ ግን ስልኩን አውጥቶ እንዲህ ያለ ጫረታ አገኘ። «ይኸውልዎ እትዬ! አዲስ ኦቨርሎክ፣ ሱቅ ውስጥ ዘጠኝ መቶ የሚያወጣው፣ እዚህ ገና ሠላሳ ሦስት ብር ላይ ነው!»

እንዲህ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ በመቶ ብር ሁለት መቶ «ጭነት» ትገዛላችሁ። አንዴ ቁልፉን ስትጫኑ አንድ ጭነት ይጠፋል፣ የመኪናው ዋጋ በአንድ ሳንቲም ከፍ ይላል፣ ሰዓቱም እንደ አዲስ ከአስር ሰከንድ ይጀምራል። አስሩ ሰከንድ እስኪያልቅ ሌላ ሰው ካልተጫነ አሸነፋችሁ። ከተጫነ ደግሞ፣ ያው፣ እናንተም ትጫናላችሁ። የተጫናችሁት አይመለስም።

ይኼን ስሰማ አንገቴ ሥር አሳከከኝ። እኔ ሰው እያታለልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ያታለልኩት ሁሉ ስቆ ነው የሚሄደው። እዚህ ግን ማን እንደሚስቅ አይታይም። እባብ ለእባብ ይተያያል፣ ካብ ለካብ ይባል የለ? አንድ እባብ ሸተተኝ።

እትዬ ስልኩን መኪናዋ ላይ አስደግፋ ጀመረች። ሌሎቹ ተጫራቾች አንድ በአንድ ጠፉና አንዲት ብቻ ቀረች። ስሟ «ታታሪዋ እናት» ይላል፤ ሥዕሏ ሕፃን ያቀፈች ሴት ነው። እትዬ ስትጫን እናቲቱ ትጫናለች። እትዬ ስትጫን እናቲቱ ትጫናለች።

«ምስኪን» አለች እትዬ። «እሷም ልጆች ይኖሯታል። ባሸንፋት አዝንላታለሁ።»

አንዱ መቶ አለቀ። ሁለተኛውን ገዛች። ስልሳው ጋዎን በጥቅሉ እንደተቀመጠ ነው፤ እኔም ቀዝቃዛ ካውያ ይዤ ቆሜያለሁ።

«እትዬ» አልኩ መጨረሻ ላይ፣ «ይቺ እናት ሽንት ቤት አትሄድም እንዴ?»

«ምን አልክ?»

«ከጀመረች ሁለት ሰዓት ሊሆናት ነው እኮ። ሕፃን ያቀፈች ሴት ናት። ልጁ አያለቅስም? አያስመልሰውም? በር አይንኳኳም? አንቺ እንኳ ሁለቴ ስትወጪ ቆራጩ ነው የተጫነልሽ።»

ቆራጩ ሳቀ። «አስር በመቶ፣ አሁን ደግሞ የሰው ሽንት መቁጠር ጀመርክ?»

ከዚያ ወዲያ ማምለጫ አልነበረኝም። በሕይወቴ በጣም ከባዱን ነገር አደረግሁ። «እትዬ፣ ቴሌቪዥኑን አላሸነፍኩትም። ሱፍ ተኩሼ ነው ያገኘሁት። ካፒቴኑም አሣውም ሳንቲሙም ውሸት ነው።»

እትዬ ከስልኩ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ ተጫነች። «ተው እንጂ። እኔ ላሸንፍ ስል ቀናህ?»

«በእናታችን አጥንት!»

«ባለፈው ነብር በካውያ አባረርኩ ስትልም በእናታችን አጥንት ብለህ ነው የማልከው።»

እውነቷን ነው። ብያለሁ። ዕድሜ ልኬን የዘራሁት በአንድ ጠዋት በቀለብኝ። መሐላዬን ሁሉ በነብርና በአሣ ስለጨረስኩት ለእህቴ የሚተርፍ አንድ እንኳ አልነበረኝም። በአፍ የማልታመን ከሆነ ያለ አፍ ማሳመን አለብኝ አልኩ በልቤ።

ከጋዎኑ የተረፈ ነጭ እራፊ አነሳሁና ጠመኔ ይዤ ቆራጩ አጠገብ ቆምኩ። «አንተ፣ አንዳቸው በተጫኑ ቁጥር ሰዓቱ ላይ ስንት ሰከንድ እንደቀረ በጆሮዬ ንገረኝ።»

«ለምን?»

«ለነብሩ።»

ትከሻውን ሰበቀና ነገረኝ። እኔም ሁለት መስመር ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ላይኛው የእትዬ፣ ታችኛው የእናቲቱ። ለአንድ ሰከንድ ግማሽ ሴንቲሜትር። የእያንዳንዳቸው አርባ ሲሞላ ቀይ ክር በመርፌ አስገብቼ ምልክቱን ተከትዬ ሰፋሁበት። ሰፊ አይደለሁም፤ ሁለቴ ጣቴን ወጋሁ። ቆራጩ በጎን እያየኝ ነበር፤ ግማሽ ላይ ስደርስ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

ምሳ ሰዓት ገደማ የእትዬ ሁለተኛ መቶ ሊያልቅ ጥቂት ቀረው። ዋጋው አርባ አንድ አልፏል።

«ሦስተኛውን ልግዛ» አለች። «አሁንማ ደክሟታል፣ ይሰማኛል።»

ምንም ሳልናገር (ይኼንን ዝምታዬን ሰፈር ውስጥ እስከዛሬ የሚያምነኝ የለም) እራፊውን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት።

«ምንድነው?»

«ስፌት ነው። አንብቢው።»

ልማድ ክፉ ነው፤ የተሰፋ ጨርቅ አይታ ዝም አትልም። ጥፍሯን በላይኛው መስመር ላይ ሳብ አደረገች፤ ቆራጩ በፈንታዋ ይጫናል። አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ የተደናገጠ። «ይኼ የእጅ ነው» አለች። «ያውም የደከመ እጅ። ሰፊዋ እንቅልፍ ይዟታል።»

«ታችኛውስ?»

ጥፍሯ በታችኛው ላይ ሄደ። ሦስት ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ፤ አርባ ጊዜ። ጫፍ ደርሳ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች።

«ይኼማ የመኪና ነው። ይኼ አላዛጋም።» ቀና ብላ አየችኝ። «የማን ነው?»

«የእናቲቱ።»

ስልኩ ላይ ሰባት ይላል፣ ስድስት ይላል። እትዬ ጣቷን አነሳች፤ ቁልፉ ላይ ግን አላወረደችውም።

«እትዬ፣ አራት ቀረ!» አለ ቆራጩ።

«ይቅር።»

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። «ታታሪዋ እናት አሸነፈች» አለ ስልኩ፤ ወረቀት የመሰለ ነገር ስክሪኑ ላይ ተበተነ። ቆራጩ በኔ ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ሲያሰላ ቆየና ጠመኔውን ወረወረው። «አርባ አንድ ገባ ማለት ከአራት ሺህ ጊዜ በላይ ተጭነውበታል፤ አንዱ ጭነት ሃምሳ ሳንቲም ነው። ሁሉም ሰው ከሆነ ባለቤቶቹ ዘጠኝ መቶውን ከሁለቴ በላይ ሰብስበዋል። ጫረታው ሳያልቅ እኮ ነው የከበሩት! እናቲቱ ሰው ብትሆን እንኳ የተበላነው እኛ ነን።»

«ካልሆነችስ?» አልኩ።

ከምሳ መልስ ያንኑ ገጽ ከፈትነው። ያው ኦቨርሎክ፣ ፎቶው ላይ ከጎኑ የተንጠለጠለችው ቀይ ክር ሳትቀር፣ ከዜሮ እንደገና ቀርቧል። ሌላ መኪና፣ ተመሳሳይ ፎቶ ይሆናል፤ ማን ያውቃል። ታታሪዋ እናት ግን ገብታለች። ሦስት ሰከንድ ሲቀር ተጫነች። አንዱን ከቤቷ ያስገባች ሴት ሁለተኛ ኦቨርሎክ ለምን እንደፈለገች እስካሁን አልገባኝም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኛ ግማሽ ተመንጥረን ነው የጠረጠርነው።

ሁለት መቶ ቀርቶናል፣ ሽማግሌው አራት መቶ ይፈልጋሉ። እትዬ እንኳ አልተቆጣችኝም፤ ያ ነው የባሰብኝ። ተነስቼ ቤቴ ሄድኩና ለጎደለው ሁለት መቶ ይሁን ብዬ ቴሌቪዥኑን በጋሪ ጭኜ መጣሁ።

«አንድ ቃል» አለች እትዬ ጣቷን ቀስራ። «ለሽማግሌው አባባ አንዲት ውሸት ብትነግር ጋሪው ላይ አንተን ጭኜ ነው የምመልስህ።»

ረቡዕ ጠዋት ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። ሁለት መቶውን ተቀበሉ፤ ቴሌቪዥኑን ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«አባባ» አልኩ፣ ምላሴ እንደ ተሰበረ በር እየተንቋቋ፣ «እውነቱን ልንገርዎት። ይኼ ዕቃ የሰውን ፊት ሁሉ አረንጓዴ ነው የሚያደርገው።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን አጠበቡ። «ማነህ አንተ? ያ አስር በመቶ የሚሉህ ነህ?»

«ነኝ።»

«እህ! የራሱን ዕቃ የሚያጣጥል ሻጭ አይቼ አላውቅም። በላጭ ዋጋ የሚሰጥህ ሰው አግኝተህ ቃልህን ልታፈርስ ነው አይደል? ቁርጥ! ቴሌቪዥኑ የኔ ነው።»

«አባባ፣ እውነቱን ነው!» አለች እትዬ። «አረንጓዴ ነው የሚያሳየው።»

«አንቺንም አሠልጥኖሻል?» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ ልጄ። በኔ ዓይን ሰው ሁሉ ግራጫ ከሆነ አምስት ዓመቱ ነው። አረንጓዴ ከሆነማ መሻሻል ነው።»

ኦቨርሎኩን በዚያው ጋሪ ይዘን ተመለስን። ድምፁ እንደ አሮጌ ሰው ሳል ነው፤ ይሠራል ግን። ሦስታችን ሁለት ቀን ቀና ሳንል ሠራን፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልሳውን ጋዎን ተኩሼ፣ አጥፌ አስረከብኩ። የክሊኒኩ ሴትዮ ለሚቀጥለው ወር አርባ ጨመረችልን።

እትዬ በኦቨርሎኩ መጀመሪያ የዘመዘመችው ግን ጋዎን አልነበረም። ያንን እራፊ ነው። ዙሪያውን ዘምዝማ ከካውያዬ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። አሁን ወሬ ልጀምር አፌን ስከፍት በአውራ ጣቷ ወደዚያ ትጠቁመኛለች፤ እኔም ከነብሩ ላይ ጭራውን ቀንሼ አወራለሁ። ይኼንን ታሪክ ሳወራም ሰዎች «ስንት በመቶ ነው?» ይሉኛል። እራፊው እዚያው ተሰቅሏል። ጥፍር ያለው ሰው ይምጣ፣ ያንብበው።