ያልመጣው ሠላሳኛ ቀን

ኡስታ ባቢከር፣ ማለት ባለሙያው ልብስ ሰፊ፣ አፈ ለስላሳ ሰው ነው። ከረመዳን አሥራ አምስት ወዲህ ጨርቅ ታቅፎ ለሚመጣ ሰው ግን ምላሱ ሌላ ነው። በኦምዱርማን ገበያ የልብስ ሰፊ ሁሉ ልማድ ይሄ ነው፦ ወሩ ሲጋመስ በሩ ላይ «ጨርቅ አንቀበልም» የሚል ካርቶን ይሰቀላል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ጨርቅ የሚኒስትርም ቢሆን ወደመጣበት ይመለሳል። ባቢከር በዚህ ቀልድ አያውቅም። የሁሉንም አስቀድሞ ይቆርጣል፣ ቀጥሎ አካሉን ይሰፋል፣ ከዚያ እጅጌውን፣ ኮሌታና ቁልፍ መጨረሻ ላይ። በቀን ስንት ማለቅ እንዳለበት ግድግዳው ላይ በጠመኔ ይጽፋል፤ ያለቀውን ይሰርዛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለኢድ ሶላት አሮጌ ልብስ ለብሶ የወጣ ደንበኛ የለውም። ይህን ሲያወራ ይኮራል፤ ይኩራ፣ ሠርቶበታል።

በሃያኛው ቀን ሥጋ ሻጩ ፈድለላ አንድ ጣቃ ነጭ ጨርቅ ተሸክሞ ገባ።

«አምስት ጀለቢያ፣ ኡስታ። ለእኔና ለአራቱ ወንድሞቼ።»

«ካርቶኑን አላየኸውም? ወይስ የምታነበው የበሬ ጎድን ብቻ ነው?» አለው ቲጃኒ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል። ቲጃኒ የባቢከር ሚስት ወንድም ነው፤ ሱቁ ውስጥ የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው።

ፈድለላ በሌላ ቀን ቢሆን በጥፊ ያጮለው ነበር።  ያን ቀን ግን ወደ ባቢከር ዞሮ፣ «አባዬ ከዚህ ኢድ አያልፍም፤ ሐኪሙ ነግሮናል። አምስታችሁን ባንድ ረድፍ፣ ባንድ ዓይነት ልብስ ቆማችሁ ልያችሁ አለን። ሌላ የጠየቀን ነገር የለም» አለው።

 ባቢከር የፈድለላን አባት፣ ሐጂ ከራርን እንዴት እንቢ ይላል? ሱቁን የከፈተ ዕለት፣ ገና ማንም ባላወቀው ጊዜ፣ መጥተው የመጀመሪያውን ልብስ ያሰፉት እሳቸው ናቸው።

«ጣለው እዚያ» አለ ወደ መደርደሪያው እያመለከተ።

ፈድለላ ገና ከመውጣቱ ቲጃኒ ነደደ። «አብደሃል? ግድግዳውን እየው እንጂ! እስከ ሃያ ዘጠኝ መተንፈሻ የለንም። መቼ ልትሰፋው ነው?»

«በሠላሳኛው።»

«ሠላሳኛውን ማን ሰጠህ?»

«አምና ሠላሳ ነበር፣ ካቻምናም ሠላሳ። ዘንድሮም ሠላሳ ነው፤ ባክህ አትነዝንዘኝ።»

እንግዲህ ጉድ በሉ! ጨረቃን እንደ ደንበኛ ቀጠሮ ሰጣት። ጨረቃ ካሰኛት በሃያ ዘጠኝ ማታ ብቅ ትላለች፣ ካላሰኛት ሠላሳ ታስሞላለች፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ባቢከርም ያውቃል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አለመሳሳቱ ግን አናቱ ላይ ወጥቶ ነበር።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ እንደ ወትሮው ደጃፉ ላይ ምንጣፍ ተዘረጋ። ባቢከር ተምሩን አፉ ውስጥ እንዳደረገ የጎረቤት ቅመም ነጋዴው ሬድዮ ተናገረ፦ ጨረቃ ታይታለች፣ ነገ ኢድ ነው። ገበያው በእልልታና በጩኸት ተናወጠ። ባቢከር ተምሩን ሳይውጥ ወደ ሱቁ ዞረ። ሱቁ ውስጥ ቁልፋቸው በዚያ ሌሊት ሊተከል የታሰበ አርባ ጀለቢያዎች ተሰቅለዋል። የሐጂ ከራር ልጆች ጨርቅ መደርደሪያው ላይ እንደተጣጠፈ ነው፤ መቀስ አልነካውም።

«በለው! ሠላሳኛህ ይኸውልህ!» አለው ቲጃኒ፤ ሁለቱም ወደ ውስጥ ሮጡ።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ሕዝቡ ደረሰ። ቀን ሙሉ ተርቦ የዋለ ሰው በቅጡ ሳያፈጥር ተነስቶ ሲመጣ እግዜር ያውጣ ነው! አግዳሚውን ሰበሩት፣ መስተዋቱን አደቀቁት። አንዱ የሌላውን ጀለቢያ ከመስቀያው ነጥቆ ሲሮጥ ባለቤቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት፤ ልብሱ ከሁለት ተተረተረ፣ ከዚያ እነሱም ተተረተሩ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ የሰው ጆሮ ሲነክሱ ታዩ። ቲጃኒ ካውያውን ይዞ፣ «የሚጠጋ ሰው ግንባሩን እተኩሰዋለሁ!» እያለ ይጮኻል።

ሕዝቡ በድንገት ለሁለት ተከፈለ። ፈድለላና ወንድሞቹ ገቡ።

ፈድለላ የተሰቀሉትን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ አረፈ። ጨርቁ እሱ ራሱ አጥፎ እንዳስቀመጠው ነው።

«ኡስታ» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ የኛ ነው?»

«ፈድለላ፣ ስማኝ፣ እኔ ሠላሳ መስሎኝ…»

አላስጨረሰውም። በቦክስ አፉን ሲለው ባቢከር ከመኪናው ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ቲጃኒ ካውያውን ወርውሮ የትንሹን ወንድም፣ የአወድን ትከሻ መታው፤ አወድ ተስፈንጥሮ በጭንቅላቱ ጥርሱን አረገፈለት። የቀሩት ሦስቱ ሰዉን እየገፉ፣ የተንገራገረውን እየደበደቡ በሩን ያዙ። ፈድለላ የልብስ መለኪያውን የእንጨት ሜትር አነሳ። «አባቴ እየሞተ ነው! አንተ ውሻ፣ አባቴ እየሞተ ነው!» እያለ አንዴ ጀርባው ላይ፣ አንዴ ትከሻው ላይ አወረደበት። ሦስተኛው ፊቱ ላይ ሲመጣ ባቢከር በቀኝ እጁ መከተ። ቀጭ አለ። ድምፁን ሁሉም ሰሙት። አውራ ጣቱ ወደማይታጠፍበት ታጥፎ ቀረ።

ባቢከር ደም ተፋና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ሕመሙ ዘግይቶ ነው የመጣበት፤ መጀመሪያ የመጣለት ሒሳቡ ነው።

«ግደለኝ» አለ። «ከመግደልህ በፊት ግን ቁጠር። አሁን አንድ ሰዓት ሆኗል። ሶላት ጠዋት አንድ ሰዓት። አሥራ ሁለት ሰዓት ነበረን። አንድ ጀለቢያ ሁለት ሰዓት፣ አምስቱ አሥር ሰዓት። በጤና እጅ ብጀምር ሁለት ሰዓት ይተርፈን ነበር። አንተ ደደብ፣ የሰበርከው እኮ የሚቆርጥልህን እጅ ነው!»

  ፈድለላ ሜትሩን ጣለውና መቀሱን አነሳ።

«እኔ እቆርጣለሁ። ዕድሜ ልኬን ስቆርጥ ነው የኖርኩት።»

«ይሄ ቅልጥም አይደለም!»

«አንተ አሳየኝ እንጂ፣ ኡስታ!»

ባቢከር የተሰበረ እጁን በጨርቅ ቁራጭ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አሰረ፣ በግራው ጠመኔ ያዘ። እያሰመረ፣ እየተሳደበ አስቆረጠው። «ቀጥ አድርግ፣ ያንተ ያለህ! ጨርቁን አትጎትተው፣ አይራገጥም!» ፈድለላ በዕድሜው እንዲህ ተሰድቦ አያውቅም፤ ሲቆርጥ ግን መስመሩን አይስትም። ቲጃኒ ደሙን እየዋጠ መኪናው ላይ ተቀመጠ። አወድ የተመታ ትከሻውን ሳያነሳ የሌሎቹን ደንበኞች ጀለቢያ ቁልፍ ይተክላል። በሩ ላይ ድብድቡ አልበረደም፤ ሦስቱ ወንድማማቾች ቁልፍ የተተከለለትን ለባለቤቱ እየሰጡ፣ ተራውን የማይጠብቀውን በጡጫ እያስተማሩ አደሩ።

ሌሊቱ ሲጋመስ ቲጃኒ እጁን ከስፌት መኪናው ጎማ ላይ አነሳ። «አይደርስም። ገና ሁለተኛው ላይ ነን፤ አይደርስም።»

ባቢከር በግራ እጁ ማጅራቱን ያዘው። «አምስቱን ማን ቁጠር አለህ? እጅህ ላይ ያለችው እጅጌ ናት። እሷን ስፋ። ስትጨርስ ሌላ እሰጥሃለሁ።»

ቲጃኒ ሰፋ። ጎህ ሲቀድ አራት ጀለቢያ ተተኩሶ ተንጠልጥሏል። አምስተኛው አካሉ ብቻ ነው፤ እጅጌም ኮሌታም የለውም። ማንም ሳይነግረው ፈድለላ የራሱን ቁራጭ መጨረሻ ላይ አድርጎት ነበር። ያ ዱላው ያስከተለው መዘግየት፣ ያ ባልለመደ እጅ የተንፏቀቀው ቆረጣ፣ ልክ አንድ ጀለቢያ የሚሰፋበትን ሰዓት በልቶ ነበር። ፈድለላም ገባው። 

ሐጂ ከራርን በገመድ አልጋ ተሸክመው ሶላት ሜዳው ዳር አስቀመጧቸው። ሶላቱ እንዳለቀ ልጆቹ ፊታቸው ተሰለፉ። ሽማግሌው በጣታቸው ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ነጭ። አምስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። ፈድለላ የትናንቱን ልብስ ነው የለበሰው፤ ደረቱ ላይ ደም ደርቋል።

«የማን ደም ነው?»

«የኡስታ ባቢከር፣ አባዬ።»

«ምን አደረገህ?»

«ቀን ተሳሳተ።»

«አንተስ?»

ፈድለላ ዓይኑን ወደ ባቢከር የታሰረ እጅ መለሰ። ሐጂ ከራር ጎንበስ በል ብለው ጠቀሱት፤ ጎንበስ ሲል ጉንጩን በጥፊ መቱት። ጥፊ ማለት ያስቸግራል፣ የዝንብ ያህል ነው ያረፈው። ያ ሰው ሁሉ የሚፈራው ፈድለላ ግን እዚያው ተንበርክኮ፣ ሕዝብ ፊት ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ባቢከር ይህን ማየት አልቻለም። የታሰረ እጁን እንዳቀፈ ቀረበ። «ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያልተሰጠኝን ቀን ቆጥሬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ።»

«ላንተም አለኝ» አሉ ሽማግሌው። «ጠጋ በል።»

ባቢከር ተንበርክኮ ጉንጩን አቀረበ። የሐጂ ከራር እጅ ከአልጋው ትንሽ ከፍ አለችና መልሳ ወደቀች። እንደገና ሞከሩ፤ ጉልበት አጥታ እምቢ አለች። ባቢከር ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፤ ልጆቹ አልጋውን አንስተው ከሄዱ በኋላም ያቺን ጥፊ ሳልቀበል አልነሳም ብሎ እዚያው ተንበርክኮ ነበር።