ወንድምአገኝ የቆመበት ቃል

በግድያ ተከስሶ የነበረው ፈንታ በነፃ ተለቅቆ ወደ መንደሩ መመለሱን አቶ ልዑልሰገድ የሰሙት አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ ነው። መንሹን ክምሩ ላይ ሰክተው ወደ ቤት ገቡና ጠመንጃቸውን ከግድግዳው አወረዱ።

ልጃቸው እስከዳር በዩኒቨርሲቲ ሕግ ታስተምራለች። ወደ መንዝ የመጣችው ለወንድሟ ለወንድምአገኝ ሙት ዓመት ነበር። በድንበር ጠብ የተነሣ ፈንታ ሲያባርረው ወንድሟ የግቢያቸውን ካብ ሊሻገር ምንም አልቀረውም፤ ፈንታ ከኋላው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮህ ግን ቆመ። ዞረ። ጥይቱ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ጩኸቱን መንደሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሰማሁ ያለ ግን አልተገኘም። ያንን ቃል የሰማ ሰው፣ ቢቸኩልም ቢቆጣም፣ መቆም እንዳለበት ልጆቻቸውን ያስተማሩት አቶ ልዑልሰገድ ነበሩ።

«አባባ፣ ይተዉ» አለች በሩ ላይ ቆማ። «ይግባኝ አለ።»

«ለሞተ ሰው ይግባኝ ምን ይፈይድለታል?» ጥይቱን አጎረሱ። «ሰው ሁሉ መብት አለው ትያለሽ አይደል? ፈንታም አለው?»

መብት ከፈጣሪ ነው፣ ከተፈጥሮ ነው ወይስ መንግሥታት ከተፈራረሙት ቃል? ተማሪዎቿን በየዓመቱ ታከራክራለች፤ የራሷን መልስ ግን ሰጥታ አታውቅም።

«አለው» አለች በመጨረሻ።

«ማን ሰጠው?»

«ማንም። ሰው ስለሆነ ነው።»

«ወንድምሽስ ምን ነበር?» አሉና በክንዳቸው ገለል አድርገዋት ወጡ።

ተከተለቻቸው። ሰብአዊ ክብር፣ የማይገሰስ፣ የማይደፈር፤ ያስተማረችው ሁሉ ምላሷ ላይ መጣ። የሚሄድን ሰው የሚያቆም ግን አንድም አልነበረበትም። የቀራት አንድ ቃል ነው፤ እሱም ወንድሟን የገደለው።

«አባባ» አለች ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «በሕግ አምላክ።»

ቆሙ። አንድ እግራቸው እንደቀደመ ቀረ።

«እንዲህ ነው የቆመው?» አሉ ጀርባቸውን እንደሰጧት።

«እንዲህ ነው።»

ጠመንጃውን ካቡ ላይ አስደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዳርም አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ፈንታ የቃሉን ክብር ሳያውቅ ቀርቶ ይሆን?» አሉ አባቷ።

ልትዋሽላቸው ወደደች፤ አልሆነላትም።

«ያውቀዋል፣ አባባ። የጮኸውም ወንድሜ እንደሚቆምለት ስላወቀ ነው።»

አቶ ልዑልሰገድ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።