ምልክት የነበረባቸው ጣውላዎች

ወርቅአየሁ የንፍሮውን ሰፌድ ይዛ ድንኳኑን ስትዞር ዓባይነህ ፊት ደረሰችና ቆመች። እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ከተዘረጋው እጁ በላይ አሳልፋ፣ ከጎኑ ለተቀመጡት ለጋሽ ክንዴ ሁለት ጊዜ ዘግና ሰጠችና አለፈች።

ዓባይነህ ባዶ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አይቷል፤ ሁሉም እንዳላየ ሆኖ ንፍሮውን ይበላል።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ክንዴ ከእፍኛቸው ከፍለው ወደ እሱ ገፋ አደረጉ።

"ያዝ። ሐዘንተኛ ናት፤ አትቀየማት።"

"አልተቀየምኳትም ጋሼ።"

"ወንድምህን እኮ ነው የቀበርከው። እህል ቅመስ።"

ተቀበላቸው እንጂ አልቀመሰም። ስንዴውና ባቄላው መዳፉ ውስጥ እየቀዘቀዘ ቆየ።

የወርቅአየሁ ባል፣ የእሱ ታላቅ ወንድም ሽመክት፣ ዓርብ ረፋድ ላይ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለ ሎጅ የጣውላ በረንዳ ወድቆ ሞተ። በረንዳው ከገደሉ አፋፍ ወደ ውጭ የተዘረጋ ነው፤ ከሥሩ ያለው የወንዝ ድንጋይ ነው። ቅዳሜ ቀበሩት። ዛሬ እሁድ ነው። ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። ሌላ የሚያውቀው ነገር ቢኖር፣ ወንድማማቾቹ ረቡዕ ዕለት ተጣልተው ሐሙስና ዓርብ ሽመክት ለብቻው ይሠራ እንደነበር ነው።

"አሥር ዓመት ሙሉ አብሮት ሠርቶ፣ በዚያች ቀን መለየት!" አለች ከሴቶቹ ወገን አንዷ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት።

"አጠገቡ ቢኖር እኮ እጁን ይይዘው ነበር" አለች ሌላዋ።

ወርቅአየሁ ሰማች። ዓባይነህም ሰማ። ዓይን ለዓይን ተጋጩና ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነበር።

ሽመክት መጀመሪያ መኪና አጣቢ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ላቫጆ ከፍቶ፣ ከጫግኒ ጭቃ ለብሰው የሚመጡትን አይሱዙዎች በግፊት ውሃ ያጥብ ነበር። አንድ ቀን የሎጅ ሰዎች ማሽኑን ይዞ እንዲመጣ ጠሩትና ከዝናቡ ብዛት የጠቆረና ሽበት ያበቀለ የጣውላ ወለል አሳዩት። ውሃውን ሲለቅበት ከጥቁሩ ሥር ቀይ እንጨት ብቅ አለ። ሽመክት ማሽኑን አጥፍቶ ተንበርክኮ እንጨቱን በመዳፉ ሲዳብስ ዓባይነህ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

"ይኸው፤ አልሞተም እኮ!" አለ፤ ስለ ሰው የሚያወራ ይመስል ነበር።

ከዚያ ወዲህ መኪና አላጠበም። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ፣ ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር፣ የጣውላ ወለልና በረንዳ ያለው ሁሉ እሱን ይጠራል። አሮጌውን ቫርኒሽ በመድኃኒት አላቅቆ ይልጣል፤ በውሃ ያጥባል፤ ያደርቃል፤ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፤ መጨረሻ ላይ ውሃ እንዳይገባው ይቀባዋል። ውሃው በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ካልሄደ ወይም የጎማው አፍ ከእንጨቱ በጣም ከቀረበ፣ ጣውላው ጠጉር ያወጣል። ዓባይነህ አንድ ጊዜ እንዲህ ሲያደርግ የእጁን አንጓ በብሩሽ እጀታ መታው። "እጠበው እንጂ አትግረፈው!"

ኃይለኛ ነበር። ሲናደድ አማርኛው ይጠፋበትና አገውኛው ይመጣል፤ ያኔ የሚሸሸው ይሸሻል። ከመቀባቱ በፊት በጣቱ ውሃ ጠብ ያደርግበታል። እንጨቱ ጠብታውን ከጠጣ ደርቋል፤ ካልጠጣ ግን የሎጁ ባለቤት ቢመጣ፣ ሹም ቢመጣ፣ አይቀባም። ባለፈው ዓመት አዲስ ቅዳም ከተማ ሲሠሩ ዓባይነህ ጠብታውን ሳያይ ቀብቶ ተገኘ። ሽመክት አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ቫርኒሽ አናጢዎቹ ሁሉ እያዩ መሬት ላይ ደፋው። "አንተ ልጅ ነህ፤ ወደ ፊትም ልጅ ነህ" አለው። ዓባይነህ ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የሦስት ልጆች አባት ነው።

ያንን አልረሳውም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የሠርግ መኪኖች በድንኳኑ በኩል አለፉ። ከሩቅ ጥሩምባቸው ይሰማ ነበር፤ ድንኳኑን ሲያዩ ዝም አሉና ተራ በተራ እንደ ቀብር ሸኚ ቀስ ብለው አለፉ። ወደዚያው ሎጅ ነበር የሚሄዱት። ድግሱ ከበረንዳው ወደ ሣሩ ወርዷል ተባለ። መኪኖቹ ሲርቁ እትዬ ይመኙሽ የምትባለው አልቃሽ ተነሣች። ደረቷን መታ መታ አድርጋ፦

"የሰው ወለል አጥቦ ሲያበራ ሲያበራ፣
የቆመበት ጣውላ ከዳው በጠራራ።"

ሴቶቹ ተቀበሏት። ወርቅአየሁ ተነሥታ ከመሐል ገባችና "ሽመክቴ! ማን ከዳህ? ማን ነው የከዳህ?" እያለች ስትዘል፣ ዓባይነህ ከድንኳኑ ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ቆመ።

ሰኞ ሣልስት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ድንኳኑን እንደሞላ የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ፀጋው መጣ። አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ሰው ነው። "እግዜር ያጽናችሁ" ብሎ ጋሽ ክንዴ አጠገብ ተቀመጠና ትንሽ ቆይቶ ወሬ ጀመረ። ድምፁን ዝቅ ቢያደርገውም ሰው ጸጥ ስላለ ሁሉም ይሰማ ነበር።

"መቼም የእግዜር ሥራ ነው። ሥራው እኮ ረቡዕ አልቆ ነበር። እዚያ ምን ሊሠራ እንደወጣ እኛም አልገባንም። የተቀባውን መልሶ ይልጠዋል! ተው ብለው እምቢ አለኝ። ኋላ የገዛ ሳሙናው አዳለጠው።"

"ለፖሊስም ይህንኑ ነው ያሉት?" ሲሉ ጠየቁት ጋሽ ክንዴ።

"ሌላ ምን እላለሁ? ነፍሱን ይማረውና ጠዋት ጠዋት ደግሞ ትንሽ ይቀምስ ነበር መሰለኝ።"

ወርቅአየሁ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

"ባሌ አረቄ በአፉ ዞሮ አያውቅም!"

"እኔ የመሰለኝን ነው እህቴ። ሰክሮ ባይሆን እንኳ፣ አእምሮው..."

"ዝም በል!" አለችው። ከዚያ ዞር ብላ፣ ከቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓባይነህን በስሙ ጠራችው። "ዓባይነህ! ከእሱ ጋር የኖርከው አንተ ነህ። ሰክሮ ታውቃለህ? አብዶስ ታውቃለህ? ያለቀ ሥራ ምን ሊያደርግ መልሶ ላጠው? ንገራቸው እንጂ!"

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ዓርብ ዕለት ፖሊስ ሲጠይቀው "አልነበርኩም፤ የማውቀው ነገር የለም" ብሎ ፈርሟል። አሁንም ይህንኑ መድገም ይችል ነበር። ፀጋው ዓይኑን ተክሎ ያየዋል።

ዓባይነህ ተነሣ። የድንኳኑን ምሰሶ ያዘ።

"አላበደም፤ አልሰከረምም" አለ። "እኔ የደበቅኩትን ሲፈልግ ነው የሞተው።"

ከዚያ ቀጠለ።

"አራት ጣውላዎች ከሥራቸው በስብሰው ነበር። ከላይ ደህና ይመስላሉ። እሱ በካቻቢቴ ወግቶ አገኛቸውና እስኪቀየሩ ማንም እንዳይረግጣቸው በምስማር የመስቀል ምልክት ጫረባቸው። ማክሰኞ ማሽኑ ተበላሽቶ ሊያሠራ ዳንግላ ሄደ። አቶ ፀጋው መጥቶ 'ሠርጉ እሁድ ነው፤ አዲሱ ጣውላ አልደረሰም፤ አንተ ከወንድምህ በምን ታንሳለህ? ቅባው' አለኝ።"

"እኔ እንደዚያ አላልኩም!" አለ ፀጋው።

"ብለኸኛል። ግን እጄን ይዘህ አላስቀባኸኝም፤ የቀባሁት እኔ ነኝ። ምልክቱን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ አጠፋሁት። በላዩ ላይ ሁለት ጊዜ ጥቁር ቫርኒሽ ቀባሁበት። አማረ። ያለ እሱ ጨረስኩት ብዬ ደስ አለኝ።"

ወርቅአየሁ ሁለት እርምጃ ወደ እሱ ቀረበች።

"ረቡዕ ከዳንግላ ሲመጣስ?"

"ሲያየው ጮኸ። ሰደበኝ። ከዚያ..." ዓባይነህ ምሰሶውን በሁለት እጁ ያዘው። "ከዚያ ቀስ ብሎ፣ 'የትኞቹ ነበሩ? ቀለሙ ውጦታል፤ እኔ መለየት አልቻልኩም። እሁድ ሰው ይጨፍርበታል። የትኞቹ ነበሩ ወንድሜ?' አለኝ።"

"አንተስ ምን አልከው?"

"'አዋቂው አንተ አይደለህ? ፈልጋቸው' ብዬው ሄድኩ።"

"ታውቃቸው ነበር?"

"አንድ በአንድ። አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ አውቃቸዋለሁ።"

ሁሉም ጩኸት ጠበቀ። ወርቅአየሁ ግን አልጮኸችም። ከፊቱ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ፊቱን ለመለየት የተቸገረች ትመስል ነበር። ከዚያ በጣቷ የድንኳኑን በር አሳየችው።

"ውጣ።"

ወጣ። ፀጋውም ጃኬቱን እያስተካከለ ሊነሣ ሲል ጋሽ ክንዴ ክንዱን ያዙት።

"እርስዎ ይቀመጡ። ንፍሮ ቀምሰው ሲያበቁ ከዓባይነህ ጋር ሦስታችንም ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሄዳለን።"

ፖሊስ ጣቢያ ዓባይነህ የፊቱን ቃል ሰርዞ ሌላ ቃል ሰጠ። ፀጋው ካደ፤ ክህደቱም ተጻፈ። ዋስ ሲጠየቅ ጋሽ ክንዴ መታወቂያቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"ለምን ጋሼ?" አላቸው ዓባይነህ ሲወጡ። "እኔን ለምን ይዋሳሉ?"

"ለአንተ ብዬ አይደለም" አሉት በቁጣ። "ሽመክት ሰካራም ተብሎ ተጽፎ እንዳይቀር ነው። ቃልህን የምትሰጥበት ቀን ብትጠፋ እኔው ራሴ ፈልጌ አመጣሃለሁ።"

ማክሰኞ መርማሪው ቦታውን እንዲያሳይ ወደ ሎጁ ወሰደው። ከረቡዕ ወዲህ ዓባይነህ እዚያ ደርሶ አያውቅም። የበረንዳው እኩሌታ የእሱ ጥቁር ቫርኒሽ ነው፤ እኩሌታው ተልጦ ቀይ ሆኗል። ለሁለት ቀን በአንድ ሰው እጅ የተላጠ ነው። የበረንዳው አጥር ላይ ሦስት ጣውላዎች ተነቅለው፣ የበሰበሰው ፊታቸው ወደ ውጭ ዞሮ፣ ጎን ለጎን ተደግፈዋል። ሽመክት ሦስቱን አግኝቷቸው ነበር። አራተኛው የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ነው፤ በቀዳዳው ድንጋዩና ውሃው ይታያል።

"የቀባሃቸው እነዚህ ናቸው?" አለ መርማሪው።

"እነዚህ ናቸው።"

"አራተኛውስ?"

ዓባይነህ ቀዳዳውን በእጁ አሳየ።

ወደ ድንኳኑ ግን በየቀኑ ይሄድ ነበር። አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ባሕር ዛፉ ሥር ይቆማል። ልቅሶ ደራሾች በአጠገቡ ሲያልፉ አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል፤ አንዱ ሽማግሌ ምራቁን ተፋ። ሚስቱ "ምን ልትሆን ትሄዳለህ? ይገድሉሃል እኮ" ብላ ብትለምነው "ወንድሜ ሞቶብኛል፤ የት ልሂድ?" አላት። ወርቅአየሁ ውሃ ልትደፋ ወጣ ስትል ታየዋለች። አንድ ቀን የያዘችውን እጣቢ ከእግሩ ሥር ደፋችው። ጫማው ራሰ፤ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

በሳምንቱ ዓርብ ጠዋት ከላይኛው ሰፈር ሰው ሞተ ተባለና እድሩ ድንኳኑን በአስቸኳይ ፈለገው። ወንዶቹ መቃብር ሊቆፍሩ ሄደዋል፤ ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሸራው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ጋሽ ክንዴ ካስማዎቹን ነቀሉ፤ ሸራው ግቢው ውስጥ ተዘረጋ። ሴቶቹ ከጓዳ ዕቃ ይመልሳሉ። ጋሽ ክንዴ ወገባቸውን ይዘው ዙሪያውን ሲያዩ፣ ዓባይነህ ከአጥሩ ገባ። ማንም ግባ አላለውም። ጎንበስ ብሎ የሸራውን ሁለት ጫፎች ያዘና ቆመ።

በወዲያኛው በኩል የሚይዝ ሰው አልነበረም።

ወርቅአየሁ ከደጃፉ ቆማ አየችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች። መጣችና በወዲያኛው በኩል ሁለቱን ጫፎች አነሣች።

"ሳብ" አለችው።

ሳበ። ሸራው ተወጠረ፤ የያዘው ውሃ ወደ መሐል ወርዶ መሬት ላይ ፈሰሰ። አንድ ጊዜ አጠፉት፤ ደግመው አጠፉት። ከዚያ በየጫፋቸው እንደያዙ ወደ መሐል መጡ። እሷ ዓይኗን ከሸራው ላይ አላነሣችም። አንድ ክንድ ያህል ሲቀራቸው፣ እጅዋ እጁን ነካና ጫፉን ልትቀበለው ስትል፣ ዓባይነህ መልቀቅ አልቻለም። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድምፅ የለውም፤ ሸራው ብቻ በእጁ ይርገበገባል።

ጋሽ ክንዴ ሊረዱ አንድ እርምጃ ተራመዱ። ወርቅአየሁ ወደ እሳቸው ሳትዞር፣ ይተዉ ለማለት ራሷን ነቀነቀች። እጅዋን አልሳበችም፤ ጫፉንም ነጥቃ አልወሰደችበትም። ሸራው እያንጠባጠበባት፣ ፊቷን ወደ ጎን መልሳ፣ እሱ እስኪለቅ ድረስ ይዛ ጠበቀችው።